መልስ፦ በሰከንድ 2 ልቀት አስገብቼ ለምን 2000 ይወጣል?

ችግሩ የጊዜ መለኪያው ነው። ያለ ነርቭ ምት በራሱ የሚሆነውን የኒውሮትራንስሚተር (የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚያስተላልፉበት ኬሚካል) ልቀት በሰከንድ 2 ብለህ፣ የሲሙሌሽኑን እርምጃ ግን 0.1 ሚሊሰከንድ አድርገሃል። ሳትቀይር ስታባዛቸው 0.2 ይመጣል፤ በአንድ ሰከንድ 10,000 እርምጃ ስላለ 2000 ልቀት ቆጠርክ። እርምጃውን 0.0001 ሰከንድ ብለህ ጻፈው፤ የአንዱ እርምጃ የመልቀቅ ዕድል 0.0002 ይሆናል።

ከዚህ የሚሻለው ግን በየእርምጃው ዕጣ ማውጣትን መተው ነው።

1. በ0 እና በ1 መካከል የዘፈቀደ ቁጥር አውጣ። በትክክል 0 ከመጣ ጣለውና ድገም።
2. የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ወስደህ ምልክቱን ገልብጥ፣ ለ2 አካፍል። እስከ ቀጣዩ ልቀት ያለው ጊዜ በሰከንድ ይኸው ነው።

ለ10 ደቂቃ 6 ሚሊዮን እርምጃ ከመሄድ 1200 ያህል ዕጣ ይበቃሃል። ደብረ ማርቆስ መብራት እየጠፋ ሥራው ይቋረጥብኛል ላልከውም መፍትሔው ይኸው ነው፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ቢቋረጥም ያንኑ ውጤት መድገም እንድትችል የዘፈቀደ ቁጥሩን መነሻ (seed) መዝግበህ ያዝ። በልቀቶቹ መካከል ያሉት የጊዜ ክፍተቶች መደበኛ ልይይት (standard deviation) ለአማካያቸው ሲካፈል 1 አካባቢ ካልሆነ ኮዱን እንደገና እይ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከላቦራቶሪ ቅጂ (ከሕዋስ ላይ ከተቀዳ የኤሌክትሪክ ምልክት) ጋር ስታነጻጽር ቅጂው ቴትሮዶቶክሲን (የነርቭ ምትን የሚያግድ መርዝ) ተጨምሮበት የተወሰደ መሆኑን አረጋግጥ፤ አለበለዚያ በነርቭ ምት የተቀሰቀሰው ልቀትም አብሮ ተቆጥሯል። ትንንሾቹ ልቀቶች ደግሞ በኖይዝ (በቅጂው ላይ ባለ የዘፈቀደ መዋዠቅ) ይዋጣሉ። ስለዚህ ለሁሉም ልቀቶች እኩል የምልክት ቁመት አትስጥ፤ በሲሙሌሽኑም ላይ ተመጣጣኝ ኖይዝ ጨምረህ በቅጂው ላይ ልቀትን ለመለየት በተጠቀምክበት የቁመት ገደብ ቁጠር።