ፊደሉ ደቀቀብኝ፣ ኪንድል ልግዛ?

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ሳልገዛ ወር አያልፈኝም። አሁን ግን ወጪው ከበደኝ። ጓደኛዬ «ስልክሽ ላይ የማንበቢያ አፕ ጫኚ፣ ከወጪ ትገላገያለሽ» ብላኝ ጫንኩ። ያወረድኩት መጽሐፍ ፒዲኤፍ ነው፤ ፊደሉ ደቀቀብኝ። ሳጎላው ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ግራ ቀኝ እየጎተትኩ ሰለቸኝና ተውኩት። ኪንድል የሚባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ልግዛ ወይስ ወደ ወረቀቴ ልመለስ?
ገጽ መግለጥ የለመደች

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኪንድሉ ለጊዜው ይቆይ። ችግሩ ያለው ፋይሉ ላይ ነው።

ፒዲኤፍ ለኅትመት የተሰናዳ ገጽ ነው። መስመሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ተወስኗል። ትልቁ ገጽ እንዳለ ስልክ ውስጥ ሲገባ ፊደሉ መድቀቁ አይቀርም። ኢፐብ የሚባለው ፋይል ግን ፊደሉን ሲያጎሉት መስመሩን ራሱ እየሰበረ ወደ ታች ያወርደዋል። መጎተት የለም።

ስለዚህ እንደገና ይሞክሩ፣ በኢፐብ። ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ ሪድኤራ የሚባለውን የማንበቢያ አፕ እመክራለሁ። ነፃ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም፤ እኔም ማታ ማታ የማነበው በእሱ ነው። አይፎን ከሆነ አፕል ቡክስ አለልዎት። የፊደሉን መጠን ከፍ፣ በመስመሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ደግሞ ሰፋ ያድርጉት። አማርኛ ሲያነቡ ይህን አይዝለሉት። «ሉ» እና «ሊ»ን የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ። ፊደሉ ሲደቅ ዓይን ያቺን ጭረት ሲፈልግ ይደክማል።

እጅዎ ላይ ያለው ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ስልኩን አግድም አዙረው ይያዙት። ሪድኤራ ባዶውን የገጽ ጠርዝም ይቆርጥልዎታል። ኮምፒውተር ካለዎት ካሊበር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ፒዲኤፉን ወደ ኢፐብ ይቀይራል። ሁሌ ግን አያምርም። ስካን የተደረገ መጽሐፍ ፎቶ ስለሆነ ከነጭራሹ እሺ አይልም። የአማርኛ ፋይል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ የኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙ ጽሑፍ የተተየበው ከውስጡ የላቲን ኮድ በያዘ ፎንት ነበር። እንዲህ ያለው ፒዲኤፍ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ሲቀየር ግን የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው መልእክት መጻፊያ ላይ ይለጥፉት። አማርኛው ካልወጣ አይልፉ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አፑ ብቻውን ምንም አያስቀርልዎትም፤ ወጪ የሚቀንሰው መጽሐፉን የሚያገኙበት ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል የነፃ መጻሕፍት ስብስብ ኢንተርኔት ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት በነፃ ያወርዱበታል፤ በአብዛኛው በአሜሪካ የባለቤትነት መብታቸው ያለቀ የቆዩ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚሁ ውስጥ ጥቂቶቹን ስታንዳርድ ኢቡክስ የሚባል ድረ ገጽ አሳምሮ ያዘጋጃቸዋል። አገልግሎቱን የሚሰጥ ቤተ መጻሕፍት አባል ከሆኑ ደግሞ ሊቢ በሚባለው አፕ አዳዲስ መጻሕፍትን ያለ ክፍያ ይዋሳሉ።

የአማርኛው ምርጫ ጠባብ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው በቴሌግራም የሚዞረውን ስካን ሶፍት ኮፒ የሚያወርደው። እባክዎ ይህን አያድርጉ። የአማርኛ ደራሲ ከአንድ መጽሐፍ የሚያገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ እሷንም ከነጠቅነው ቀጣዩን ላይጽፍልን ይችላል። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ከሆነ በወረቀትም ይሁን በሕጋዊ ሶፍት ኮፒ ይግዙት። ከላይ ካሉት ነፃ ምንጮች የሚተርፍዎትን ለዚህ ቢያውሉት ደስታዬ ነው።

ሶፍት ኮፒ ሲገዙም አንድ ነገር ይወቁ። ብዙዎቹ መሸጫዎች ፋይሉን ቆልፈው ነው የሚሰጡት፤ ለጓደኛ አያውሱትም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የመጽሐፍ መሸጫውን ሲዘጋ የሸጣቸው መጻሕፍት ከናካቴው መከፈት አቁመዋል፤ ገንዘቡን ግን መልሷል። እኔ ደጋግሜ የማነበውንና ለሰው የማውሰውን መጽሐፍ በወረቀት ነው የምገዛው። አንዴ አንብቤ የምተወው በስልክ ይበቃኛል።

ኪንድሉን የሚያስቡት በስልክዎ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ከጨረሱ በኋላ ይሁን። ያኔም ማንበቡን ወደውት ዓይንዎ ብቻ ካስቸገረዎት መግዛቱ ተገቢ ነው፤ ስክሪኑ ወረቀት ስለሚመስል ዓይን ያሳርፋል፣ ባትሪውም ለሳምንታት ይቆያል። ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ የአማርኛ ፋይል አስከፍተው፣ ፊደሉ በትክክል መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ።