ለቪትዝ ሁለተኛ ሶኬት፦ ፊውዙን ከመቀየርዎ በፊት ሽቦውን ያስቡ

ጠያቂያችን በአዲስ አበባ በቪትዝ መኪና የታክሲ አገልግሎት የሚሰጡ አሽከርካሪ ናቸው። በሲጋራ መለኮሻው ላይ ባለ አራት አፍ ማከፋፈያ ሰክተው የራሳቸውን ስልክ፣ የተሳፋሪ ስልክና የመንገድ ካሜራ ይሞሉበታል። በቅርቡ በዚያው ላይ 120 ዋት የተጻፈበት የጎማ መንፊያ ሲጨምሩ 15 አምፔሩ ፊውዝ ተቃጠለባቸው። ጓደኛቸው በ30 አምፔር እንዲተኩት መክሯቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ከመለኮሻው ሽቦ ቀጥለው ሁለተኛ ሶኬት በራሳቸው እጅ ማስገባት ይፈልጋሉ።

የጓደኛዎን ምክር አይቀበሉ። ፊውዝ የሚገባው ስልኩን ወይም መንፊያውን ለመጠበቅ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው። ለ15 አምፔር በተዘረጋ ሽቦ ላይ የ30 ፊውዝ ከተሰካ፣ ጭነቱ ሲበዛ ቀድሞ የሚቀልጠው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ በዳሽቦርዱ ውስጥ ከሌሎች ጋር ታስሮ የሚያልፈው ሽቦ ይሆናል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን አደጋው ቁጥሩ ከሚመስለው በላይ ነው። ከመለኮሻው ሽቦ ቀጥሎ ሁለተኛ ሶኬት ማስገባትም ቀዳዳ ይጨምራል እንጂ አቅም አይጨምርም፤ ሁለቱም የሚጠጡት ከዚያው ሽቦና ከዚያው ፊውዝ ነው።

ፊውዙ ለምን እንደተቃጠለ ለማወቅ ዋቱን ለ12 ቮልት ማካፈል ይበቃል። መንፊያው ብቻውን 10 አምፔር ይወስዳል፤ በፍጥነት የሚሞላ ስልክ 18 ዋት ገደማ ሲሆን 1.5 አምፔር ነው፤ ሁለት ስልክ 3 ይሆናል፤ ካሜራው ሲታከል ከ13 አምፔር ያልፋል። የመንፊያው ሞተር ሲነሣና ጎማው እየጠነከረ ሲሄድ የሚስበው ደግሞ ከተጻፈበት በላይ ነው። ስለዚህ ፊውዝዎ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። በነገራችን ላይ ማከፋፈያው ራሱ ደካማ ቦታ ነው፤ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የስፕሪንግ መነካኪያዎች ሲላሉ ይግላሉ፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል።

የምመክርዎ ከባትሪው የሚነሣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ፊውዝ እና በቁልፍ የሚታዘዝ ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ያለው ሶኬት ነው። ለመስመሩ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ የመኪና ሽቦ ይግዙ። ለቤት የሚዘረጋው ባለ አንድ ዘንግ ጠንካራ ሽቦ የመኪናን ንዝረት አይችልም፤ ውሎ አድሮ ይሰበራል። ፊውዙ 15 አምፔር፣ ማለትም ሰማያዊው ይሁን፤ ቤቱም ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ብዙም ሳይርቅ ይቀመጥ። ብዙ ጀማሪዎች ፊውዙን ለእይታ እንዲመች ብለው ሶኬቱ አጠገብ ያደርጉታል፤ እንዲህ ሲሆን ከባትሪው እስከ ዳሽቦርዱ ያለው ሽቦ በሙሉ ያለ ጠባቂ ይቀራል፣ በመካከል ተልጦ ብረት ቢነካም የሚያቋርጠው ነገር የለም።

ሥራ ሲጀምሩ ሞተሩን አጥፍተው መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ። ፖዘቲቩን ቀድመው ከፈቱ መፍቻው የመኪናውን ብረት በነካ ቅጽበት ባትሪው በመፍቻው በኩል ይገናኛል። ሲመልሱ ነጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል። ሰዓቱና የሬዲዮው ጣቢያዎች ሊጠፉ ስለሚችሉ አይደንግጡ።

ሽቦውን ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚያስገቡት፣ ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው ላሜራ ላይ ፋብሪካው ባስቀመጠው የጎማ መሸፈኛ በኩል ነው። በተራቆተ የላሜራ ቀዳዳ ካሳለፉት ጠርዙ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ከጭስ ማውጫው፣ ከመሪው ዘንግና ከፔዳሎቹ ያርቁት። ቢጫ ሽፋን ወይም ቢጫ ማያያዣ ያለው ሽቦ ሲያዩ የኤርባግ ነውና አይንኩት፤ በቴስተር መፈተሽም አይገባም። ሶኬቱ ብዙውን ጊዜ የ28 ወይም የ29 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስለሚፈልግ ከመብሳትዎ በፊት ከጀርባው ምን እንዳለ በእጅዎ ይዳስሱ።

ሪሌዩ ባለ አራት እግርና የ12 ቮልት ይሁን። 30 የተጻፈበት እግር ከባትሪው በፊውዙ በኩል የሚመጣውን ይቀበላል፤ 87 ወደ ሶኬቱ የመሃል ነጥብ ይሄዳል፤ 85 ማሳ ላይ፣ ማለትም ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር በተገናኘው የመኪናው ብረት ላይ፣ ይታሰራል፤ 86 ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር፣ ለምሳሌ ከሬዲዮው፣ በአነስተኛ ፊውዝ በኩል ይወሰዳል። ሪሌዩን ለማንቃት የሚያስፈልገው ከአንድ አምፔር በታች ስለሆነ በሬዲዮው መስመር ላይ ጫና አይኖርም። ሪሌይ ወጪ ነው ብለው መስመሩን በቀጥታ ለማገናኘት ቢያስቡም፣ ቁልፉ ከወጣ በኋላ ሲሠራ ያደረ ካሜራ ባትሪውን አዳክሞ ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ እንዳይዞር ሊያደርግ ይችላል፤ እኔ ብሆን አልተወውም።

ከሁሉ ይልቅ ችግር የሚያመጣው ማሳው ነው። የሶኬቱ የውጭ ቀለበት የሚታሰረውም ከዚህ ብረት ጋር ነው። ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ወይም ፕላስቲክ በያዘ ብሎን ላይ ያሰሩት እንደሆነ ለስልክ ሊበቃ ይችላል፤ መንፊያውን ሲሰኩ ግን ይዝላል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው ባለ ቀለበት ተርሚናል በብሎን አጥብቀው ይሰሩ፤ ዝገት እንዳይጀምረውም ግሪስ ይቀቡት። የማሳው ሽቦ ውፍረት ከፖዘቲቩ ማነስ የለበትም። ሽቦን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በመኪና ውስጥ አይሠራም፤ ሙቀቱ ሙጫውን አቅልጦ ናስትሮው ይፈታል። መገናኛዎቹን በተርሚናል ጨምቀው በሙቀት በሚሸበሸብ ፕላስቲክ ይሸፍኑ።

ፊውዙን የሚሰኩት ሁሉም ከታሰረ በኋላ ነው። ሞተሩን አስነሥተው በሶኬቱ መሃልና በቀለበቱ መካከል ሲለኩ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ሊያገኙ ይገባል፤ ቁጥሩ በመቀነስ ምልክት ከመጣ ሽቦዎቹ ተገላብጠዋል። ከዚያ መንፊያውን አስነሥተው በባትሪው ላይና በሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ያወዳድሩ። በ2.5 ሽቦ ላይ በ10 አምፔር ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካዩ አንዱ መገናኛ ላልቷል፤ መጀመሪያ ማሳውን ይመልከቱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላም የፊውዙን ቤትና የሶኬቱን ጀርባ በእጅዎ ይንኩ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ግን ነቅለው እንደገና ይሰሩት።

ይህን ምክር ለሌላ መኪና የሚወስዱ አንባቢዎች ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። በ24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ነክቶ 12 ቮልት መውሰድ ባትሪዎቹን ያለ እኩል ያዳክማል፤ መቀየሪያ ያስፈልጋል። አሁን በብዛት እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ኬብሎች ግን ገዳይ ኃይል የሚሸከሙ በመሆናቸው በእነዚህ መኪኖች ላይ ሥራውን ለሠለጠነ ባለሙያ ይስጡ።