መልስ፦ የሲ-10 ጋቢና በኬ-10 ሻንሲ ላይ

የ1970 (እ.ኤ.አ.) ሸቭሮሌት ሲ-10 ፒክአፕ ጋቢናና አጭር ካሶኔ (የኋላ የጭነት ሳጥን) በ1985ቱ የኬ-10 ፎር ዊል ድራይቭ ፒክአፕ ሻንሲ (የታች ፍሬም) ላይ ሳይቆረጥ ይገጥማል ወይ ብለሃል። አይገጥምም። የሲ-10 የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 292 ሴ.ሜ፣ የኬ-10 አጭሩ 298.5 ሴ.ሜ ነው። መነሻህ የፊት ጎማ ይሁን፦ ጎማው የፓራፋንጎው (የጎማው ክዳን) መሃል ላይ እስኪውል ጋቢናውን አንሸራትት፣ ካሶኔው በኋላ ይስተካከላል።

ጋቢናውን ከማንሳትህ በፊት የበሮቹን ክፍተት በብረት ቱቦ አግድም ወጥረው፤ ያለዚያ ይጣመማል። የጋቢና መያዣዎቹን አዲስ ሥራ፣ ግን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ በይድ። ጎሚኒዎቹ (ጋቢናው የሚያርፍባቸው የላስቲክ ትራሶች) ከሥር ይግቡ፣ በሮቹ፣ ፓራፋንጎውና ኮፈኑ ይሰቀሉ። የበሩ ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ አንዱ መያዣ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ቸኩሎ ሙሉ ይበይድና በሩን በመዶሻ ሲያቃና ይከርማል።

የመሪው ዘንግ ከመሪ ሳጥኑ ጋር ቀጥ አይልም፤ መስቀለኛ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። አንዱ መገጣጠሚያ ከ30 ዲግሪ በላይ ከታጠፈ ሁለት አድርግ፤ ሦስት ካስፈለገ ግን መሃሉን ዘንግ በቤሪንግ ደግፍ።

ጋቢናው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፉት ጎሚኒዎች ላይ ስለሚቀመጥ ከሻንሲውና ከሞተሩ ጋር በወፍራም የማሳ (የባትሪው ኔጌቲቭ) ገመድ አገናኘው። ይህ ከተረሳ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ጌጆቹም ይዋሻሉ።