ከምስሉ በፊት ድምፁ፦ የሚዲያ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

የሚዲያ ተማሪዎች ሆናችሁ ድምፅና ምስል ስታዋህዱ የሚያስቸግራችሁን ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ስማችሁን ትቼ፣ ጥያቄውን አሳጥሬ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ጥያቄዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ቀረጻው ካለቀ በኋላ የተነሡ ናቸው። «ይህን ድምፅ እንዴት ላስተካክለው?» ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀረጻው ቀን ነው የምመልሳችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቃለ መጠይቁን በአንድ ስልክ፣ ድምፁን በሌላ ስልክ ቀረጽን። መጀመሪያ ላይ ይገጥማል። 20ኛው ደቂቃ ላይ ግን ከንፈሩና ድምፁ ይለያያሉ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ይህ ብዙ ሰው የሚገጥመው ነገር ነው። ብዙ ስልኮች ቪዲዮ ሲቀርጹ በሰከንድ የሚያነሡት ምስል (ፍሬም) ብዛት ቋሚ አይደለም። በሰከንድ 30 ቢልም ብርሃን ሲያንስ ወይም ስልኩ ሲግል ከፍ ዝቅ ይላል። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ግን ቋሚ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። ያኔ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ቪዲዮውን ሃንድብሬክ የሚባል ሶፍትዌር ውስጥ አስገቡና «ኮንስታንት ፍሬምሬት» (ቋሚ የፍሬም ብዛት) የሚለውን መርጣችሁ ቀይሩት። ሶፍትዌሩ በነፃ ነው የሚገኘው።

ሌላም አለ። ሁለቱ ስልኮች ጊዜ የሚቆጥሩበት የውስጥ ሰዓት እኩል አይሄድም። ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ በረዥም ቀረጻ ግን ይጠራቀማል። ስለዚህ ቀረጻው ሲጀመርም ሲያልቅም አጨብጭቡ። እጅ ከእጅ የተገናኘበትን ፍሬምና በድምፁ ሞገድ ላይ የሚታየውን ሹል ጫፍ አገጣጥሙ። የመጨረሻው ጭብጨባ ስንት ፍሬም እንደራቀ ያሳያችኋል። ጠያቂው የሚናገርበት ቦታ ላይ ቆርጣችሁ ድምፁን ታስጠጋላችሁ።

ስታጨበጭቡ ካሜራውና ማይኩ አጠገብ ሁኑ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። 14 ሜትር ርቆ የሚያጨበጭብ ሰው ገና ከመነሻው አንድ ፍሬም አዛነፋችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ክፍሉ ያስተጋባል። በሶፍትዌር ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ መቀነስ ይቻላል፤ ግን ሰውየው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል አትምረጡ። ፍራሽ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት መኝታ ቤት ከቢሮ ይሻላል። ከካሜራው ጀርባ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ካላችሁ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ላይ ሰኩት። ከሌላችሁ ሁለተኛውን ስልክ ካሜራው በማያይበት ቦታ ወደ ተናጋሪው አስጠጉት።

የሚጮህ ፍሪጅ ካለ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ንቀሉት። የቤታችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። መልሳችሁ ሳትሰኩት አትሄዱም።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ባለበት ይቀመጥና የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ዝምታም ድምፅ አለው። ከንግግሩ መሀል «እ…እ…» ቆርጣችሁ ስታወጡ ቀዳዳ ይቀራል። የምትደፍኑት በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ አለ። ከየት መጣ?

መልስ፦ ከመብራት መስመር ሳይሆን አይቀርም። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ድምፁም ከዚያ ይነሣል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ቅረጹ፤ የማይኩን ገመድ ከመብራት ገመድ አርቁ።

ጥያቄ፦ አስተማሪያችን «ሙዚቃው በዝቷል» ብለው ማርክ ቀነሱብኝ። ሙዚቃ ከሌለ ግን ፊልሙ ይቀዘቅዛል።

መልስ፦ የላክልኝን ፊልም አይቻለሁ። 7 ደቂቃ ነው፤ ሙዚቃ የሌለበት አንድም ሰከንድ የለም። ምስሉ ላይ ያዘነች እናት አለች። ከሥር በትዝታ ቅኝት ማሲንቆ ይጫወታል። ትረካው ደግሞ «እናት አዝናለች» ይላል። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ነገርከን። እኛ ራሳችን የምንደርስበት ምንም አልተረፈልንም። አስተማሪህ ልክ ናቸው።

ክርክሩ የቆየ ነው። በ1928 እ.ኤ.አ.፣ ድምፅ ወደ ፊልም ገና ሲገባ፣ የፊልም ዳይሬክተሩ ሰርጌይ አይዘንስታይን ከሙያ ባልደረቦቹ ከፑዶቭኪንና ከአሌክሳንድሮቭ ጋር ሆኖ በሶቪየት ኅብረት አንድ መግለጫ ጻፈ። ድምፅ ምስሉን ብቻ የሚከተል ከሆነ ኤዲቲንግን ያበላሸዋል ብለው ሰጉ። ድምፁ ከምስሉ ጋር እየተጋጨ የራሱን ነገር ይዞ ይምጣ አሉ።

እኔን ያስተማረኝ ግን ዘነዘና ነው። መንገድ ዳር የጀበና ቡና ስለምትሸጥ ሴት አጭር ፊልም እየሠራሁ ነበር። መክፈቻው ላይ ዋሽንት አስገባሁ። ያምር ነበር፤ ግን የማንም ቡና ሊሆን ይችል ነበር። አንድ ማታ ሙዚቃውን ዘግቼ ጥሬውን ድምፅ ሰማሁት። ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ይወድቃል። ከኋላ ወያላው «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል። ሴትዮዋ መውቀጧን የምታቆመው ደንበኛ ሲመጣ ነው። ድምፁ ቀጥ ሲል እኛም ማን መጣ ብለን እንጠብቃለን። ምስሎቹን በዘነዘናው ምት ቆረጥኳቸው። ዋሽንቱን ተውኩት።

ዛሬ ማታ ሙዚቃውን በሙሉ ዝጋና ዓይንህን ጨፍነህ ፊልምህን ስማው። የት እንዳለህ ካላወቅህ ነገ ማይክህን ይዘህ ወደ እናትየው ቤት ተመለስ። በሩን፣ ጫማውን፣ ሳህኑን፣ ምድጃውን ቅረጽ። ከዚያ ሙዚቃ የግድ የሚፈልገው ቦታ ራሱ ይለይልሃል። ምናልባት 40 ሰከንድ ብቻ ቢሆን ነው።

ጥያቄ፦ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ስሻገር ገጭ ይላል።

መልስ፦ ድምፁንና ምስሉን እኩል ቦታ ላይ እየቆረጥሽ ስለሆነ ነው። የሚቀጥለውን ቦታ ድምፅ አንድ ሰከንድ አስቀድሚው። ልጁ ክፍል ውስጥ እያለ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንስማ፤ ከዚያ ውጭውን አሳዪን። ጄ ከት ይሉታል፤ ታይምላይኑ (ኤዲት ስታደርጊ ድምፁና ምስሉ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ቅርጹ ያንን የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚመስል። ተቃራኒው ኤል ከት ነው፤ ምስሉ ተቀይሮ የቀድሞው ድምፅ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን ብጠቀም ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ካላስፈቀድክ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ሥራ መብት የሥራው አመንጪ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ ቅጂው የሰው ነው። ክራር የሚጫወት ጓደኛ ካለህ ለምነውና ራስህ ቅዳው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። አያቴን በአማርኛ ቀረጽኳቸው። ኤዲት የሚያደርገው የክፍሌ ልጅ ግን አማርኛ አይችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመቁረጫ ቦታዎቹን አንቺ ምልክት አድርጊለት። አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አያትሽ «ከአገሬ ለመውጣት ፈልጌ…» ብለው ትንሽ ቢያርፉ እሱ አለቀ ብሎ ይቆርጠዋል። እሳቸው ግን «…አላውቅም» ሊሉ ነው። ሐሳባቸው ተገለበጠ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ትረካ የምትሸፍኚ ከሆነም የሳቸውን ድምፅ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻውን አሰሚ። ትረካው ከዚያ ይግባ። መጨረሻ ላይም ድምፃቸው ተመልሶ ይሰማ።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። አያትሽ ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው የሚመልሱበት ቦታ ይኖራል። ልጁ ጫጫታ መስሎት እንዳያጸዳው ንገሪው። ሰብታይትሉ ላይ «አዎ» ብለሽ ጻፊው።