ሸ ተጽፎ ሰ ሲታይ፦ በዙም ፊደል ለሚያስተምሩ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ቨርጂኒያ ላሉ ስድስት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በዙም የአማርኛ ፊደል አስተምራለሁ። ዋይትቦርዱን ስክሪን ሼር አድርጌ በማውስ እጽፋለሁ። ልጆቹ ግን ጽሑፉ ይደበዝዝብናል ይላሉ። እነሱም እንዲጽፉ ስፈቅድ አንዱ የሌላው ላይ ይሞነጫጭራል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የጻፍነው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ድሮ ጃምቦርድ በሚባለው የጉግል የጋራ ሰሌዳ ነበር የምሠራው፤ እሱም ተዘጋ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መምህርት፣ ጃምቦርድ በፈረንጆቹ 2024 ማብቂያ ላይ ተዘግቷል፤ እሱን ይርሱት። የቀሩት ችግሮች ሦስት ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ሰሌዳዎን ለልጆቹ የሚያሳዩት በቪዲዮ ነው።

ስክሪን ሼር ሲያደርጉ ዙም ስክሪንዎን እንደ ፊልም እየቀረጸ ይልካል። ኔትወርክ ሲደክም ጥራቱን ይቀንሳል። ሪፖርት ለሚያቀርብ ሰው ይሄ ብዙም አይጎዳም። ለፊደል ግን ጣጣ ነው። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ ቀድማ የምትጠፋው እሷው ናት። ልጁ "ሸ" ሲሉት እየሰማ "ሰ"ን ያያል። ከዚያ ለምን ተሳሳትክ ይባላል፣ ምስኪን።

ስለዚህ ዙምን ለፊትና ለድምፅ ብቻ ይተዉት። ሰሌዳውን ከዙም ውጭ በብሮውዘር ለብቻው ይክፈቱና እያንዳንዱ ልጅ በሊንክ ይግባበት። የጋራ ሰሌዳ የሚልከው ምስል አይደለም። ብዕሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ብቻ ነው የሚልከው፤ ይሄ ደግሞ በጣም ትንሽ ዳታ ነው። መስመሩን የሚስለው የልጁ ታብሌት ራሱ ነው። ኔትወርክ ቢንቀራፈፍ ፊደሉ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ ደብዝዞ አይደርስም።

ለእርስዎ የምመርጠው ኤክስካሊድሮው (Excalidraw) የሚባለውን የጋራ ሰሌዳ ነው። ነጻ ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል፣ አካውንት አይጠይቅም። ልጆች ስለሆኑ ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ ወላጅ ኢሜይል እያስገባ ፓስወርድ ሲፈልግ ግማሹ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ሚሮ (Miro) የሚባለው ሰሌዳም ጎበዝ ነው፤ ግን ለቢሮ ሰው የተሠራ ስለሆነ የበተኑ ብዛት ልጅ ያደናግራል። ኤክስካሊድሮው ላይ "ሼር" የሚለውን ተጭነው የጋራ ሥራውን ያስጀምሩ፣ የሚሰጥዎትን ሊንክ ኮፒ አድርገው ለወላጆች ይላኩ። ሊንኩን የያዘ ሁሉ መጻፍ ይችላል። ብዙ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጥፉት፤ በየሳምንቱም አዲስ ያውጡ።

አሁን ወደ መሞነጫጨሩ። ከክፍል በፊት ስድስት ትልልቅ ሳጥኖች ይሳሉ። በየሳጥኑ አናት ላይ የልጁን ስም፣ ከሥሩ የሚለማመደውን ፊደል በፈዛዛ ግራጫ ይጻፉ። ከዚያ ሁሉንም መርጠው በማውሱ ቀኝ በተን "ሎክ" ያድርጉ። የተቆለፈ ነገር አይንቀሳቀስም፣ ላጲሱም አይነካውም። ልጆቹ በግራጫው ላይ እየደገሙ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ፤ የእርስዎ ግን እንዳለ ይቆያል። ሲገቡ ስማቸውን ያስጽፏቸው። ጠቋሚያቸው ከነስሙ ስለሚታይ ማን የማን ሳጥን ውስጥ እንደገባ ያያሉ። ስሙ እንደሚታይበት ያወቀ ልጅ ደግሞ አደብ ይገዛል።

በማውስ መጻፉን ይተዉት፤ በማውስ የተጻፈ ሐ ልጅ ሊያየው የሚገባ ነገር አይደለም። ያንኑ ሊንክ በስልክዎ ይክፈቱና በጣትዎ ይጻፉ፤ የስልክ ስክሪን ብዕር ካለዎት ደግሞ የተሻለ ነው። ላፕቶፑ ዙሙን ይያዝ። ስልኩ ሰሌዳው ላይ ብቻ ስለሚገባ ድምፅ የሚያስተጋባበት ምክንያት የለም። የመስመሩን ውፍረት የመጨረሻው ላይ ያድርጉት፣ በሁለት ጣት አጉልተው ቀስ ብለው ይጻፉ። ልጆቹ እጅዎ ከየት እንደሚጀምር ያያሉ፤ ለፊደል ዋናው እሱ ነው።

ልጆቹ በአይፓድ ከሆኑ ወላጅ ስክሪኑን ለሁለት ይክፈልላቸው፣ ዙም በአንድ በኩል፣ ሰሌዳው በሌላው። ያ ካልተቻለ ዙሙን ሳይዘጉ ወደ ሰሌዳው ይሻገሩ። ካሜራቸው ሊጠፋ ይችላል፤ ድምፅዎን ግን ይሰማሉ። እየጻፉ ፊታቸውን ማየት አያስፈልግዎትም፣ ብዕራቸውን እያዩ ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ሰሌዳው የልጆቹ ስክሪን ላይ አለ፤ እርስዎ በስልክ ዳታ በሊንኩ ተመልሰው ይገባሉ። ለማንኛውም ሳጥኖቹን እንደጨረሱ ፋይሉን ኮምፒውተርዎ ላይ ሴቭ ያድርጉ፣ ክፍሉ ሲያልቅም ይድገሙት። ሰሌዳውን በሙሉ የሚያጸዳ ትእዛዝ አለ፤ ልጅ ደግሞ የማይነካው በተን የለም። ለወላጅ የሚላከውን በምስል አውጥተው በቴሌግራም ይላኩ።

የግድ ስክሪን ሼር ማድረግ ያለብዎት ቀን ካለ፣ ለቪዲዮ ማሳያ (Optimize for video clip) የሚለው ምርጫ ላይ ምልክት አለመኖሩን ይዩ። እሱ እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ ብሎ ጥራትን ይቀንሳል። ኔትወርክ ሲደክም የራስዎን ካሜራ ያጥፉ፣ ድምፁ ይቅደም።

የነጻው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ቢያቋርጣችሁም ሰሌዳው አይዘጋም። ዙሙን መልሰው እስኪገቡ ልጆቹ ሳጥናቸው ውስጥ ይጻፉ።