ዳገት ላይ ውሃ የምታፈላ ዲኤክስ፦ ቴስታታው ከመውረዱ በፊት ክዳኑ ይታይ

ከአዲስ አበባ የጻፉልን ጠያቂ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ባለ ካርቡሬተር ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለቻቸው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ችግር የለባትም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ራዲያተሩ ይንተከተካል፣ የትርፍ ውሃ መያዣው ፕላስቲክም ሞልቶ ይፈሳል። ጠዋት ሲያዩት ራዲያተሩ ጎድሏል፤ የላይኛው የውሃ ጎማም ወደ ውስጥ ተጨምድዶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ዘይቱ ንጹሕ ነው፤ ነጭ ጭስም የለም። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ ጥሎ፣ የራዲያተሩን ክዳን በአዲስ ቀይሮ ካልተሳካለት በኋላ አሁን የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏልና ቴስታታው ይውረድ ብሏቸዋል።

እኔ የምጠረጥረው ያንኑ አዲስ የተባለውን ክዳን ነው፤ ጥርጣሬዬን ያመጣውም ጠፍጣፋ የሆነው ጎማ ነው። የተቃጠለ ጋስኬት የሞተሩን ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚለቅ ጎማውን ያሳብጠዋል እንጂ አያጠፈጥፈውም። ጎማው የሚጨመደደው ሞተሩ ሲበርድ ውሃው መጠኑ እየቀነሰ ሄዶ፣ ከፕላስቲኩ ተስቦ መመለስ የነበረበት ውሃ መንገድ ሲያጣ ነው። ያንን መንገድ የምትከፍተው በክዳኑ መሐል ያለችው ትንሽ ቫልቭ ናት። ፕላስቲኩ ሞልቶ ራዲያተሩ መጉደሉም ይህንኑ ይናገራል።

ክዳኑ ውሃ እንዳይፈስ ብቻ የተሠራ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ስለሆኑ ይህን ነገር ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው፤ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። የመኪናዋ ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቬንቲላተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) የሚያስነሣው ስዊችም የሚሠራው በ90ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እንግዲህ መኪናዋ ጤነኛ ሆና በምትሠራበት ሙቀት ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ ከተማ ይፈላል ማለት ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ሞላ ነው፦ 0.9 የሚል የተጻፈበት ደህና ክዳን በውሃው ላይ ያን ያህል ባር ግፊት ስለሚጨምር፣ የመፍሊያው ነጥብ እኛ ባለንበት ከፍታ ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል። ሞላው ከደከመ ዳገት ላይ በጭስ መውጫ ቫልቮች ዙሪያ ያለው ውሃ ቀድሞ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ ሙቀትን እንደ ውሃ ስለማይወስድ ቴስታታው እዚያው ላይ ይግላል። ስለዚህ ቆላ ላይ በደካማ ክዳን የሚሄድ መኪና ደጋ ላይ ሊያፈላ ይችላል።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ፤ በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መክፈትም አያድንም፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣልና። ምርመራውን ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ያድርጉት። ክዳኑን አውጥተው ትንሿን ቫልቭ በጥፍርዎ ሲስቧት መውጣት፣ ሲለቋትም ወዲያው መመለስ አለባት። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ፣ ሞላውም በአውራ ጣት በቀላሉ የሚወርድ ከሆነ ይጣል። የራዲያተሩ አፍ እንዳልተጎዳ፣ ወደ ፕላስቲኩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦም እንዳልተደፈነ ይዩ፤ የተደፈነ ቱቦ ያንኑ ምልክት ያሳያል።

በየሱቁ በርካሽ የሚሸጡ ክዳኖች 0.9 ተጽፎባቸውም ያንን ግፊት ላይይዙ ይችላሉ፤ ጽሑፉን ብቻ አይመኑ፤ የግፊት መፈተሻ ፓምፕ ያለው ጋራዥ ካገኙ ከመግዛትዎ በፊት ያስለኩት። ይበልጣል ብለው 1.1 አይግዙ፤ ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳልና።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም ጥገና አይደለም። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም በቤንዚን ይቀጥናል። ከሥሩ ተጨማሪ ሳህን ያለው ዓይነት ሲወጣ ደግሞ የውስጥ ማለፊያው ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ ተመልሶ ይዞራል። የ82 ዲግሪውን አስገዝተው ይመልሱት፤ ሲሞሉም የቧንቧ ውሃ ብቻ ከማድረግ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ያደባልቁ።

ጋስኬቱን ለማጣራት ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። ሞተሩ ሌሊቱን የበረደ ሆኖ፣ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ራዲያተሩ እስከ አፉ ሞልቶ ያስነሡት። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ መካኒኩ ትክክል ነው፤ አረፋ ከሌለ አጥፍተው ይክደኑት። ሲሞቅ ለማየት ብለው ክፍት አይተዉት፤ ትኩስ ራዲያተር ላይ አይጎንበሱ። ክዳኑና ቴርሞስታቱ ተስተካክለው እንጦጦን ወጥታ አሁንም ካፈላች፣ ቀጥሎ የራዲያተሩ ውስጥ በዝገት መደፈኑ፣ ቬንቲላተሩ በሰዓቱ መነሣቱና የስፒንተሮጅኑ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጊዜ መዘግየቱ ይታይ።