ጃንጥላ የተያዘለት ባዶ ኮርቻ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በቅርቡ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ፣ ቦፓል ከተማ እሄዳለሁ። ከከተማው ራቅ ብሎ ሳንቺ የሚባል ጥንታዊ የቡድሂስቶች መሳለሚያ ቦታ እንዳለ ሰማሁ። ታሪክ ስለምወድ ባየው ደስ ይለኛል። እናቴ ግን «የሰው አምልኮ ቦታ ሄደህ ምን ልትሠራ ነው?» ብላ ከፍቷታል። እርስዎ እዚያ እንደተማሩ ጽፈው አንብቤያለሁ። መሄድ ይገባዋል? ውስጡስ ምን አለ? እምነቴን ሳልነካ፣ እነሱንም ሳላስቀይም እንዴት ልየው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሂድ። ቦፓል ሁለት ዓመት ስማር ሳንቺ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ዛሬም ብሄድ ደስ ይለኛል።

ሕንድ እንደደረስህ ብር ስትመነዝር የ200 ሩፒ ኖት ይሰጡሃል። ገልብጠህ እየው። ጀርባው ላይ ያለው ጉልላት ሳንቺ ነው። ከቦፓል 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአውቶብስም በባቡርም ትደርሳለህ፤ ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ያልቃል።

ውስጡ ምን አለ ላልከው፣ ስቱፓ (ቡድሂስቶች የተቀደሰ ዐፅም የሚያኖሩበት ሕንፃ) ውስጡ አይገባም። በር የለውም፣ ክፍል የለውም። ድፍን ጉብታ ነው። ትልቁ ስቱፓ ቁመቱ 16 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከጎን እስከ ጎን ደግሞ ከ36 ሜትር በላይ ይሰፋል። የጥንቷ ሕንድ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በጡብ አሠራው። ከእሱ በኋላ የመጡት ድንጋይ አለበሱትና እጥፍ አሳደጉት። አናቱ ላይ ሦስት የድንጋይ ጃንጥላዎች ተደራርበው ቆመዋል። ጃንጥላዎቹን ልብ በላቸው፤ እመለስባቸዋለሁ።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ይዞራል። ስቱፓውን በቀኙ አድርጎ፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ቀስ ብሎ ይዞራል። አንተም በዚያው አቅጣጫ ዙር። ከመነኮሳቱ ፊት ለፊት እየተጋፋህ አትምጣ።

ዙሪያውን የከበበው አጥር ድንጋይ ነው፤ የተሠራው ግን እንደ እንጨት ነው። አግዳሚውን ቋሚው ላይ እንደ አናጺ ሰክተውታል። አክሱም ሐውልት ላይ ድንጋዩን እንደ ወራጅ እንጨት የጠረቡትን ሰዎች አስታወሰኝ። አጥሩ በአራቱም አቅጣጫ በር አለው። የሳንቺ ሀብቱ እነዚህ አራት በሮች ናቸው።

መጀመሪያ የሄድኩት በግንቦት፣ በቀትር ነበር። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ድንጋዩ ይፋጃል። ዞር ዞር ብዬ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ምንም ሳላይ ተመለስኩ። ሁለተኛው በኅዳር፣ ጠዋት ነበር። ፀሐይዋ የምሥራቁን በር ፊት ለፊት ስታበራው ደረስኩና ቁጭ አልኩ።

የመካከለኛው አግዳሚ ላይ አንድ ፈረስ ተቀርጿል። ከግራ፣ ከከተማው በር ይወጣል። ያው ፈረስ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይታያል። እንደገና፣ እንደገና። ወደ ቀኝ እየሄደ ነው ማለት ነው። ኮርቻው ላይ ግን ማንም የለም። ከባዶው ኮርቻ በላይ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ ይከተላል። ቀኝ ጫፍ ላይ ፈረሱ ይቆማል። ከዚያ ጃንጥላው ከፈረሱ ላይ ይነሣና ከሁለት የእግር ዱካዎች በላይ ይሆናል። ባልደራሱ ዱካው ፊት ተንበርክኳል። ከታች ፈረሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አሁን ጃንጥላ የለውም።

ይህ አንድ ልዑል ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነነበት ሌሊት ነው። ቡድሃ የሚሆነው ሰው እሱ ነው። ጠራቢዎቹ እሱን አልቀረጹትም። እነዚህ በሮች ላይ ቡድሃን በዱካ፣ በመንኮራኩር፣ በዛፍ፣ በባዶ ዙፋን ነው የሚያሳዩት። በሰሜኑ በር አንድ ዝንጀሮ ማር ይዞ ለባዶው ዙፋን ያቀርባል።

እኔ ጃንጥላውን ሳይ ቆምኩ። በጥምቀት ታቦት ሲወርድ ያየ ሰው፣ የተሸፈነ ነገር ላይ ጃንጥላ ሲያዝ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ አገሩ ሌላ ነው። ያ ምልክት ግን፣ በባዶው ኮርቻም በስቱፓው አናትም ላይ፣ ያለ አስጎብኚ ገባኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አሁን ወደ እናትህ። አትቆጣት፣ አይገባትም አትበል። የምትፈራልህ ስለምትወድህ ነው። እውነቱን ንገራት፦ ቦታው ዛሬም የሚጸለይበት ነው። በሮቹን አልፈህ ስትገባ፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተጨመሩ አራት የቡድሃ ምስሎችም አሉ። አንተን ግን ስገድ የሚልህ የለም። መሳለም ሌላ፣ መጎብኘት ሌላ። ላሊበላ ስንት የሌላ እምነት ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባ የለ? ሥርዓታችንን ሲጠብቅልን ደስ ይለናል። አንተም እንደዚያ ሁንላቸው። ልብስህ የጨዋ ይሁን፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ የሚጸልይ ሰው ፊት ካሜራ አትደቅን፣ ቅርጹን በእጅህ አትነካካ።

አጠገቡ ያለው አዲሱ ቤተ መቅደስ ስትገባ ጫማህን አውልቅ። እዚያ የቡድሃ ሁለት ታላላቅ ደቀ መዛሙርት፣ የሳሪፑታና የሞጋላና ዐፅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1851 እንግሊዞች ትንሹን ስቱፓ ከፍተው አገኙትና ወደ ለንደን ወሰዱት። አገሩ የተመለሰው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ቤተ መቅደሱ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዕቃው ሲገኝ ክዳኖቹ በውስጥ በኩል በቀለም የተጻፈ አንድ አንድ ፊደል ነበራቸው፦ አንዱ «ሳ»፣ ሌላው «ማ»። የማን ዐፅም እንደሆነ እንዳይሳሳት አንድ ሰው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የጻፈው ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ፣ በእኛ ኅዳር፣ ዐፅሙ ለሕዝብ ይወጣል። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ጸጥታ ከፈለግህ ያን ቀን ተወው።

አንድ ሌላ ነገር። አጥሩን ጠጋ ብለህ እይ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ጽሑፎች አሉ። የሰጪዎች ስም ነው። መነኮሳት፣ መነኮሳይያት፣ ነጋዴዎች፣ የቤት እመቤቶች። አንዱ አንድ ቋሚ፣ ሌላዋ አንድ አግዳሚ ሰጥታለች። በደቡቡ በር አንዱን ቅርጽ የሠሩት የቪዲሻ ከተማ የዝሆን ጥርስ ጠራቢዎች ናቸው፤ እዚያው ጽፈውታል። ድንጋዩን ለምን እንደዚያ አድርገው እንዳረቀቁት ያኔ ይገባሃል።

ውሃና ባርኔጣ ያዝ። ለውጭ አገር ሰው ትኬቱ ከፍ ይላል፤ እንዳትደነግጥ። ጠዋት ግባ፣ ምሥራቁ በር ፊት ቁጭ በል፣ ፈረሱን ከግራ ወደ ቀኝ ተከተለው። ከዚያ ፎቶ አንሳና ለእናትህ በቴሌግራም ላክላት። ጃንጥላው ጋ ስትደርስ ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ።